ለመረሳት የተቆፈረ ጉድጓድ

«ቀበረ» የሚለው ግስ በአማርኛ ብዙ ዓይነት ጉድጓድ ያውቃል። ሰው ይቀበራል፤ ገንዘብ ይቀበራል፤ ፈንጂ ይቀበራል። ሦስቱም አፈር ይለብሳሉ፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው ሰው በልቡ የያዘው ግን ለየቅል ነው። ሬሳ የምንቀብረው ልናስታውሰው ነው። ድንጋይ እንደረድርበታለን፤ አቅም ካለን ሐውልት እናቆምለታለን፤ ሙት ዓመቱን እንቆጥራለን፤ ስሙን ባነሣን ቁጥር «አፈሩ ይቅለለው» እንላለን። ብር የሚቀብር ሰው ደግሞ አንድ ቀን ተመልሶ ሊያወጣው ነው። ጠገራውን በእንስራ አድርጎ ጓሮው ከቀበረ በኋላ ቦታውን ለልጆቹ ሳይናገር የሞተ አባት ታሪክ ያልሰማ የለም። ፈንጂ ቀባሪው የሚፈልገው ሌላው እንዳያውቅ ነው፤ ፈንጂው የሚሠራው መንገደኛው ባለማወቁ ነውና።

ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ ጉድጓድ ግን ከሦስቱ ከአንዱም አይመደብም። የሚቀበርበት ነገር ተመልሶ እንዲወጣ አይፈለግም። ሐውልት ይቁምለት አይቁምለት የሚለውም ገና ያከራክራል። ከሰው የሚሸሸገውም ሰውን ለመጉዳት አይደለም። እንዲያውም ገና ያልተወለደ፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገር የማናውቀው ሰው እንዳይጎዳ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቀብር የተለየ ግስ ብፈልግ አላገኘሁም።

ቦታው ኦልኪሉኦቶ ይባላል። በምዕራብ ፊንላንድ፣ በኤውራዮኪ ወረዳ፣ የቦትኒያን ባሕር ተጠግታ ያለች ጥድ የለበሰች ደሴት ናት። በደሴቲቱ ላይ ሦስት የኑክሌር ማብላያዎች ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ከሥራቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አንድ ዋሻ ሲቆፈር ኖሯል። እየተጠማዘዘ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ይደርሳል። ስሙ ኦንካሎ ነው፤ በፊንላንድኛ ጎድጓዳ ስፍራ፣ ዋሻ እንደ ማለት። ቆፋሪው በ1995 የተቋቋመው ፖሲቫ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ባለቤቶቹም የፊንላንድን የኑክሌር ጣቢያዎች የሚያስተዳድሩት ሁለት ድርጅቶች ናቸው። በዋሻው ግድግዳ ላይ የሚታየው አለት ከተፈጠረ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። እዚያ ታች ሊያድር የታሰበው 6,500 ቶን ያገለገለ የዩራኒየም ነዳጅ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ልየው። የማብላያ ነዳጅ ሲጀመር የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ከዩራኒየም ዱቄት ተጠቅጥቆ እንደ ሸክላ በእሳት የተተኮሰ፣ ጥቁር፣ ድፍን፣ ከትንሿ ጣት ጫፍ የማይበልጥ እንክብል ነው። አዲሱን እንክብል ሠራተኛው ጓንት አጥልቆ በእጁ ያነሣዋል። ከዚህች ከባቄላ ፍሬ ብዙ ከማትተልቅ ነገር የሚገኘው ኃይል ግን ከአንድ ቶን ገደማ የድንጋይ ከሰል ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። እንክብሎቹ ዚርኮኒየም ከሚባል ብረት በተሠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ይደረደራሉ፤ ቱቦዎቹ በእስር በእስር ሆነው ማብላያው ውስጥ ይገባሉ፤ ጥቂት ዓመታት አገልግለው ይወጣሉ።

ሲወጡ መልካቸው ብዙም አይለወጥም። ዐመድ የለም፤ ጢስ የለም። የእኛ ማገዶ ነድዶ ሲያልቅ ይቀላል፤ ይህ ማገዶ ግን የሚከብደው ነድዶ ካለቀ በኋላ ነው። የማብላያው እሳት ዩራኒየሙን አንዱን ሰንጥቆ ሌላውን ለውጦ ቀድሞ ያልነበሩ ነገሮችን፣ ሲዚየምን፣ ስትሮንሺየምን፣ ፕሉቶኒየምን፣ በውስጡ ጥሎ ሄዷል። ከማብላያው የወጣ የነዳጅ እስር አጠገብ ያለ መከለያ የቆመ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት የሚያበቃውን ጨረር ይቀበላል። ስለዚህ እንደ ወጣ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ውኃው ያበርደዋል፤ ጨረሩንም ይጋርዳል። ከገንዳው ሥር ሰማያዊ ብርሃን ይታያል፤ ውኃ ውስጥ ብርሃን ከሚጓዝበት ፍጥነት በልጠው የሚከንፉ ኤሌክትሮኖች የሚፈነጥቁት ነው። የሚያምር ሰማያዊ ነው። የሚገድል ነገር ሁሉ አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ልጆችን ማስጠንቀቅ እንዴት ቀላል በሆነ ነበር!

ነዳጁ በገንዳ ውስጥ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል። ታዲያ ለምን እዚያው አይቀመጥም? ብዙ አገሮች ዛሬ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በገንዳ ወይም በወፍራም ደረቅ መያዣ ምድር ላይ ያቆዩታል። ገንዳ ግን ዘበኛ ይፈልጋል። ውኃውን የሚያዘዋውር ፓምፕ፣ ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩን የሚከታተል ባለሙያ፣ ለባለሙያው ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት ይፈልጋል። ደረቁ መያዣም ቢሆን አጥርና ጠባቂ፣ ሲያረጅም ተተኪ ይሻል። ዘበኛ የሌሊት ፈረቃውን ሊጨርስ ይችላል፤ መንግሥትም ሃምሳና መቶ ዓመት ሊጸና ይችላል። የነዳጁ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ሲዚየም 137 በየ30 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳልና ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ አቅም ያጣል። ፕሉቶኒየም 239 ግን ግማሹ ብቻ እንዲያልቅ 24,100 ዓመት ይወስዳል። ነዳጁ መጀመሪያ ከተቆፈረበት የዩራኒየም ማዕድን የማይብስ እስኪሆን ድረስ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዓመት ያልፋል።

መቶ ሺህ ዓመት አፍ ላይ ይቀላል። ወደ ፊት ልቆጥረው ስሞክር ሐሳቤ ይደክማልና ወደ ኋላ እቆጥረዋለሁ። በኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ በተባለ ቦታ በ1967 የተገኙት የዘመናዊ ሰው ቅሪቶች ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ናቸው። እንግዲህ ከዛሬ መቶ ሺህ ዓመት በፊት በምድራችን ላይ እንደ እኛ ያለ ሰው ነበረ። እንደ እኛ ልጁን ያዘለ፣ እንደ እኛ ሲመሽ የፈራ ሰው ነበረ። ከእርሱ ዘንድ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልደረሰችንም። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንዳይነካ እንደ ተከለከለ አናውቅም። አጥንቱን ያቆየልን ያለበሰው ደለልና አመድ ነው እንጂ የልጅ ልጆቹ አይደሉም።

ኦንካሎ የቆመበት ሐሳብ ይኸው ይመስለኛል፤ የሰው ልጅ ሲረሳ ምድር ትይዛለች። ከዚህም የተነሣ ሥራው ሁሉ ዘበኛን ማሰናበት ነው። ስዊድናውያን የጀመሩት ዘዴ ነው፤ ነዳጁን ልብስ በልብስ ላይ እየደረቡ ያለብሱታል። የመጀመሪያው ልብስ እንክብሉ ራሱ ነው፤ የተተኮሰ ሸክላ በመሆኑ በውኃ ቶሎ አይሟሟም። ቀጥሎ ቱቦው አለ። ቱቦዎቹ በወፍራም የብረት መያዣ ውስጥ ይሰካሉ፤ ብረቱ ሸክም ለመቻል ነው። በብረቱ ላይ ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የመዳብ በርሜል ይጠልቃል። መዳብ የተመረጠው ኦክስጅን በሌለበት ውኃ ውስጥ ለመበላት እጅግ ስለሚዘገይ ነው፤ በዚያ ጥልቀት ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። በርሜሉ ክዳኑ ተበይዶ ለብቻው በተቆፈረ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ጉድጓዶቹ ተራርቀው ነው የሚቆፈሩት፤ የአንዱ ሙቀት የሌላውን እንዳያባብስ። ትልቅ ስንጥቅ የሚያቋርጠው ጉድጓድ ደግሞ ይተዋል።

በበርሜሉና በአለቱ መካከል የሚጠቀጠቀው ነገር ነው እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ። ቤንቶናይት የሚባል አፈር ነው። ስሙ ባዕድ ይምሰል እንጂ ጠባዩን እናውቀዋለን። የደጋው ጥቁር አፈር፣ አንዳንዱ መረሬ ሌላው ዋልካ የሚለው፣ የዚሁ የማዕድን ቤተሰብ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በሬውንም ሰውየውንም ያደክማል። በጋ ላይ ደግሞ ይደርቅና በትር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሠራ ሰው ጠባዩን በኪሱ ያውቀዋል፤ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በሌላ ካልተካ፣ አፈሩ በክረምት እየተነሣ በበጋ እየተቀመጠ ግድግዳውን ይሰነጥቅበታል። ያ ቤት የሚያፈርስ ማበጥ ነው እንግዲህ ኦንካሎ ውስጥ ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረው። ከአለቱ ስንጥቅ ውኃ ሲመጣ ቤንቶናይቱ ይጠጣዋል፤ ሲጠጣም ያብጣል፤ ሲያብጥም ክፍተቱን ሁሉ ይደፍናል፤ ውኃውም ሊፈስስ ይቅርና ለመስረግም ጊዜ ይወስድበታል። እዚያ ታች በጋ የለም። አንዴ የጠገበ አፈር እንደ ጠገበ ይኖራል።

ከሁሉም ውጭ ያለው ልብስ አለቱ ነው። እርሱም ቢሆን የሚፈተንበት ጊዜ አለው። ፊንላንድ የበረዶ ግግር ተጭኗት ኖራ ከሸክሙ የተገላገለችው ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የበረዶው ውፍረት በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነበር። ምድሪቱ ዛሬም ከዚያ ሸክም እየተነሣች ናት፤ በኦልኪሉኦቶ አካባቢ በዓመት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ጭነቱ የወረደለት አህያ ጀርባውን ቀስ እያለ እንደሚያቃና ማለት ነው። በመቶ ሺህ ዓመት ውስጥ በረዶው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። መሐንዲሶቹ ይህንንም ቆጥረውታል፤ ያ ወፍራም ብረት ከመዳቡ ውስጥ የገባው ያን ቀን በማሰብ ጭምር ነው። ሰው ለልጅ ልጁ ቤት ሲሠራ አይቻለሁ፤ ለሚመጣው የበረዶ ዘመን ሸክም ቋሚ የሚያስገባ ግን በሌላ ሥራ አላየሁም።

ታዲያ ከላይ ምልክት ይቁም? በ1981 በአሜሪካ የቋንቋ፣ የምልክትና የሥነ ሰብ ሊቃውንትን ጭምር ያሰባሰበ ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ ጥያቄው ከ10 ሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣን ሰው «እዚህ አትቆፍር» እንዴት እንለዋለን የሚል ነበር። ቶማስ ሴቢዮክ የተባሉት ሊቅ የአቶሚክ ካህናት ይሾሙ አሉ፤ እየተተኩ፣ በሥርዓትና በተረት ሕዝቡን ከቦታው የሚያርቁ። በ1984 ሁለት ጸሐፊዎች ደግሞ ጨረር ሲቀርባቸው ቀለማቸው የሚለወጥ ድመቶች ይራቡ፤ ድመት ቀለሟን ስትለውጥ ሽሹ የሚል ዘፈንና ተረትም ይሰራጭ አሉ። በኒው ሜክሲኮ ላለው የኑክሌር ቆሻሻ ማከማቻ በ1993 በወጣ ጥናት ደግሞ ከምድር የሚወጡ ግዙፍ የድንጋይ እሾሆች ታስበው ነበር።

እነዚህን ሳነብ ፈገግ እላለሁ፤ ግን አልስቅባቸውም። ከልብ የተጨነቀ ሰው ያሰበው ነው። ሆኖም እሾህ የሚመስል ተራራ ያየ ልጅ ምን ያደርጋል? ይጠጋዋል። የግብፅ ነገሥታት መቃብር በአብዛኛው ተዘርፏል፤ ግዝፈታቸው ለሌባው አድራሻ ሆነለት። አክሱም ላይ የኢዛና ድንጋይ ቆሟል፤ በ4ኛው መቶ ዘመን በግሪክ፣ በሳባ ፊደልና በግዕዝ የተጻፈ፣ ለሚያፈርሰው እርግማን ያለበት። ገና 1,700 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሦስቱንም አጻጻፍ አይቶ የሚያነብ መንገደኛ ግን ስንት ነው? ካህናትም ቢሆኑ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በእኛ አገር ዜማና ቅኔ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ዘመናት የተሻገረው የሚወደድ ነገር ስለሆነ ነው። ካህን የሚወደውን ያቆያል። ፍርሃትን ብቻ ለ10 ሺህ ዓመት ታቅፎ የሚያቆይ ካህን ከየት ይገኛል?

የፊንላንዶቹ መልስ ከዚህ ሁሉ ጸጥ ያለ ነው። መዝገብ ይቀመጣል፤ መረጃው ይጠበቃል። ነገር ግን ዋሻው ከታሸገ በኋላ ደኅንነቱ በማንም ጥበቃ ላይ፣ በማንም ትዝታ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ቢታወስ መልካም፤ ቢረሳም አይጎዳ። በዚህ ቦታ መርሳት ስንፍና መሆኑ ይቀራል፤ አስቀድሞ የታሰበበትና የተከፈለለት ነገር ይሆናል።

ምድር ትይዛለች የሚለው እምነት የመሐንዲስ ስሌት ብቻ አይደለም፤ ምስክርም አለው። በ1972 ፈረንሳውያን ባለሙያዎች ከጋቦን፣ ኦክሎ ከተባለ ስፍራ የመጣ ዩራኒየም ሲመረምሩ የዩራኒየም 235 መጠን ትንሽ ጎድሎ አገኙት። ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው መልስ የሚገርም ነበር። ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ማዕድን ውስጥ፣ በከርሰ ምድር ውኃ እየታገዘ፣ ማንም ያልሠራው የተፈጥሮ ማብላያ በርቶ ነበር። እየበራ እየጠፋ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሠርቷል። የተወው ቆሻሻም የእኛው ዓይነት ነው። መዳብ አልለበሰም፤ ማንም አልጠበቀውም። አንዳንዱ ንጥረ ነገር አምልጧል፤ ፕሉቶኒየሙና አብዛኛው የቀረው ግን ከተወለደበት ብዙም ሳይርቅ እድሜውን ጨርሷል። አፍሪካ በሆዷ ይህን ያህል ዘመን ይዛ ስትኖር አንድ ሰው እንኳ አላወቀላትም ነበር።

ጉድጓድ ሁሉ ግን ኦክሎ አይደለም። ጀርመኖች ከ1967 እስከ 1978 ድረስ አሴ በተባለ የድሮ የጨው ማዕድን ማውጫ ውስጥ 126 ሺህ ያህል በርሜል ዝቅተኛና መካከለኛ ጨረር ያለው ቆሻሻ አስገቡ። ጨው ደረቅ ነው፤ ውኃ አይገባበትም ብለው ነበር። ውኃ ገባ። ዛሬ በብዙ ወጪ መልሶ ለማውጣት በሕግ ተወስኗል። በመዳቡም ላይ ክርክር ተነሥቷል፤ የስቶክሆልም ተመራማሪዎች መዳብ ኦክስጅን በሌለበት ውኃም ከታሰበው በላይ ሊበላ ይችላል ብለው ስለ ተከራከሩ፣ በ2018 የስዊድን የአካባቢ ፍርድ ቤት ተጨማሪ ማስረጃ ጠይቆ ነበር። መንግሥቱ ፎርስማርክ በተባለ ቦታ የታሰበውን የስዊድንን ማከማቻ የፈቀደው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ይህን ክርክር እንደ ጉድለት አላየውም። ቀባሪ ሲቀብር የሚጠራጠር ሰው አጠገቡ ቢቆም ለጉድጓዱ ጥልቀት ይበጃል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ከዋሻው በፊት የሆነው ነው። ፊንላንድ የአንዱን ጣቢያዋን ያገለገለ ነዳጅ እስከ 1996 ድረስ ወደ ሩሲያ ትልክ ነበር። በ1994 የወጣው ሕግ ይህን ዘጋው። በፊንላንድ የተመረተ የኑክሌር ቆሻሻ በፊንላንድ ይቀበራል፤ የሌላም አይገባም አለ። ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን ወደ ጎረቤት አጥር ማሻገርን እኛም የምናውቀው አመል ነው፤ ሕጉ ያን አመል የከለከለ ነው። ከዚያ ነዋሪው ተጠየቀ። የአገሪቱ ሕግ ለወረዳው እምቢ የማለት ሙሉ መብት ሰጥቶት ነበር። የኤውራዮኪ ምክር ቤት በ2000 መጀመሪያ 20 ለ7 በሆነ ድምፅ እሺ አለ፤ የአገሪቱ ፓርላማ ደግሞ በ2001 በ159 ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወሙት ሦስት ናቸው። ወጪውም ለነገ አልተላለፈም፤ ኤሌክትሪኩን ያመነጩት ድርጅቶች ለዚሁ በተለየ ፈንድ ውስጥ ገንዘብ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። መብራቱን ያበራ ሒሳቡን ይክፈል ነው ነገሩ። ድምፅ ያልሰጡት፣ ሊሰጡም የማይችሉት፣ ያ ከበረዶው በኋላ የሚመጣው ሰውና ልጆቹ ብቻ ናቸው። ጉድጓዱ ይህን ያህል የጠለቀው ስለ እነርሱ ነው።

በ2024 ፖሲቫ ነዳጅ የሌለባቸውን በርሜሎች እያወረደ ሙከራ ጀመረ። ሥራው እንደ ታቀደው ከሄደ ቀብሩ መቶ ዓመት ያህል ይወስዳል፤ የመጀመሪያውን በርሜል ያወረደ ሠራተኛ የመጨረሻውን አያይም። ከዚያ ዋሻው ከታች ጀምሮ በአፈር እየተሞላ እስከ አፉ ይዘጋል። ከላይ ጥዱ ይበቅላል። መቃብሩ ላይ የሚቆም ሐውልት ቢኖርም ባይኖርም፣ የሚቆጠርለት ሙት ዓመት አይኖርም።

ስንብት ግን ያለ ቃል አይሆንም። ለሰው ሲሆን የምንለው የታወቀ ነው፤ የተቀበረው ወገናችን በላዩ ያለው እንዳይጫነው እንመኛለን። ለዚህኛው ቀብር ያንኑ ምርቃት ገልብጬ ልበለው፤ በታሪክ ሁሉ ለጠላት እንኳ የማይባለው፣ እዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ ብቻ ቸርነት የሚሆነው ቃል ነው።

አፈሩ ይክበደው።